አግራሪዩስ፦ ከሮም ማሳ እስከ ሐኪም ጋራ እርከን

«አግራሪዩስ» ማሳን ከሚያመለክተው «አጌር» የተገኘ የላቲን ቅጽል ነው። ላቲን ለመሬት ሌላም ቅጽል አለው፤ «ቴሬስትሪስ» ከባሕር የተለየውን የብስ ይመለከታል። «አግራሪዩስ» ግን የሚታረሰውን፣ የሚካፈሉትንና የሚካሰሱበትን መሬት ነው የሚገልጸው። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት በሁለቱም ዝርያ ይሰይማሉ፤ በኢትዮጵያም የሚበቅለው እሾሃም ፍሬ ያለው አረም ትሪቡለስ ቴሬስትሪስ፣ በአውሮፓና በእስያ ማሳዎች የሚኖረው ጀርባው ባለ ጥቁር ሰንበር አይጥ ደግሞ አፖዴመስ አግራሪዩስ ይባላል።

ቃሉን ያገነነው ሕግ ነው። ሮማዊው ጢባርዮስ ግራኩስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ133 ያወጣው «ሌክስ አግራሪያ» ማንም ከሕዝብ መሬት ከ500 ዩጌራ በላይ እንዳይዝ፣ ለወንዶች ልጆች ከሚታከለው በቀር፣ ከለከለ። ዩጌሩም አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው፣ ሩብ ሄክታር ግድም የሆነ ቦታ ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ «ጥማድ» የሚለውም በዚሁ ስሌት የወጣ ሲሆን፣ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ወደ ሩብ ሄክታር ይጠጋል። በጣም የተራራቁ ሁለት ሕዝቦች መሬትን በበሬ ጉልበት ለክተው ከአንድ ልክ መድረሳቸው በእውነት የሚያስደንቅ ነው።

ሐረርን ከደቡብ ቁልቁል በሚያየው ሐኪም ጋራና በአካባቢው ተዳፋት ግን ይህ ልክ ብዙ አያስኬድም። እርከኑ ሲጠብ በሬ መዞሪያ ያጣል፤ ገበሬው በደንጎራ ይቆፍራል፣ ጫቱን በረድፍ ተክሎ በመካከሉ ማሽላ ይዘራል። የድንጋይ ካቡ የጎርፉን ፍጥነት ሰብሮ አፈሩን ያስቀራል። ስለዚህ የማሳው ዋጋ ከስፋቱ ይልቅ በአፈሩ ጥልቀትና በውሃው ቅርበት ይታወቃል።

ከሐረር ከተማ ቅጥር፣ ከጁገል ግንብ ውጭ ብዙ ሐረሪዎች እርሻ ነበራቸው፤ አርሰው ምርቱን የሚያካፍሏቸው የኦሮሞ ገበሬዎች ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ይህን ግንኙነት አፈረሰው። የገጠር መሬት በሙሉ የሕዝብ ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰውም ከ10 ሄክታር፣ በሮማውያን ልክ ከ40 ዩጌራ ግድም እንዳይበልጥ ተወሰነ። ግራኩስ የነካው የሕዝብ የነበረውን መሬት ብቻ ነው፤ እርሱም በዚያው ዓመት ተገደለ። የኢትዮጵያው አዋጅ የግሉንም ጭምር ወሰደ።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ደንግጎ፣ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ላደረገው ቋሚ ማሻሻያ ሙሉ መብት ሰጥቷል። በዚህ አነጋገር የተዳፋቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሲሆን፣ ካቡ የሠራው ገበሬ ነው።