«ልጄ፣ ምን ሸጬ ነው የከለከሉኝ?»

ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በጥርስ ሐኪምና በልብስ ሰፊ መሐል፣ ሁለት ወንበርና አንድ ኮምፒውተር የያዘች ቢሮ አለችኝ። በሩ ላይ «ዲጂታል ማርኬቲንግ» የሚል ተለጥፏል፤ ሰፈሩ ግን «ቡስት የሚያደርገው ልጅ» ነው የሚለኝ። ሥራዬም እሱው ነው። ፌስቡክ ወይም ኢንስታግራም ላይ የለጠፈውን ዕቃ ከፍሎ ብዙ ሰው እንዲያይለት የሚፈልግ ነጋዴ፣ የዶላር ካርድ ስለሌለው ወደ እኔ ይመጣል። እኔ በካርድ እከፍላለሁ፣ እሱ ብሩን ይሰጠኛል። ከዚህ በፊት ባነር አትም ነበር። ያኔ የሚያስቸግረን ደንብ አስከባሪ ብቻ ነበር፤ እሱንም ቢሆን ሄዶ ማነጋገር ይቻላል።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ጃንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው ገቡና ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። የፊት ቅባት ቤታቸው ሠርተው ይሸጣሉ። የእህታቸው ልጅ ያዘጋጀችላቸው ማስታወቂያ ሦስት ጊዜ ተመልሷል።

«ልጄ፣ ምን ሸጬ ነው የከለከሉኝ? ሐሺሽ ሸጥኩ?»

ማስታወቂያውን አየሁት። ፎቶው መሐሉን ተሰንጥቋል፤ በግራ በኩል ማድያት ያለበት ፊት፣ በቀኝ በኩል ያው ፊት ጠርቶ። ከላዩ «ማድያት አስቸግሮሻል? ተሸማቀሽ ቤት ቀርተሻል? በ7 ቀን ፊትሽን እንደ መስታወት!» ይላል። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ሬዲዮ ላይ ቢሆን እኔም እገዛት ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዕቃው የተከለከለ መሆኑን ነው። ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታ ለማስታወቂያ የደነገገውን ብናይ፣ በምንም መንገድ የማይገቡ ዕቃዎች አሉ፤ ሲጋራና ዘመዶቹ፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ ጦር መሣሪያና ጥይት። በነዚህ ላይ ክርክር የለም። በቅድመ ሁኔታ የሚገቡ ደግሞ አሉ። ለአልኮል መጠጥ የየአገሩን ሕግና የዕድሜ ገደብ መጠበቅ ግዴታ ነው። ለቁማር ቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። የክብደት መቀነሻ ማስታወቂያ ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው አይታይም። ከነዚህ ከሁለቱ ውጭ ያለውን ሦስተኛውን ጣጣ ግን ማንም አይነግርህም፤ ዕቃው ንጹሕ ሆኖ አነጋገሩ የሚያስመልሰውን። ወደ ቢሮዬ ከሚመጣው ሰው አብዛኛው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። እማማም እዚሁ ነበሩ።

የተሰነጠቀው ፎቶ ብቻውን ይበቃል። «በፊት» እና «በኋላ» እያሉ የማይመስል ለውጥ ማሳየት፣ ሰው በገዛ መልኩ እንዲያፍር ማድረግ በደንቡ ክልክል ነው። «በ7 ቀን» የሚለውም ማንም ሊያረጋግጠው የማይችል ቃል ኪዳን ነው። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነበር፤ «ሽ»።

ደንቡ ማስታወቂያ የአንባቢውን ገመና እንደሚያውቅ ሆኖ እንዳይናገር ያዛል። በሽታውን፣ ሃይማኖቱን፣ ዘሩን፣ የገንዘብ ችግሩን ጠቅሶ «አንተ እኮ እንዲህ ነህ» ማለት አይቻልም። «የስኳር ምርመራ እንሰጣለን» ብትል ያልፋል፤ «ስኳርህ አስቸግሮሃል?» ብትል ይመለሳል። የተከለከለው «አንቺ» ማለት ሳይሆን «አንቺ ማድያታም» ማለት ነው። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። አማርኛ ውስጥ ግን ግሡ ራሱ ሰው ይጠራል። «ተቀቢው» ስትል ሴት፣ «ተቀባው» ስትል ወንድ ፊትህ ቆሟል። የመርካቶ ጥሪ ሁሉ «ነይ እህቴ»፣ «ግባ ወንድሜ» ነው። በዚያ ላይ ያደገ ነጋዴ ችግርህን ሳይጠራ ዕቃውን ሽጥ ሲባል፣ እጁን ታስሮ እንደመጨፈር ይሆንበታል።

ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው። ፊቱን አወጣነው። ብልቃጧን መስኮቱ ጋ አስቀምጬ፣ ከሥር ካለችው የአበባ ሻጭ አንድ ቅጠል እሬት ለምኜ ጎኗ አጋደምኩና በስልኬ አነሳኋት። ጽሑፉን እንዲህ አደረግነው፦ «በእሬት፣ በወይራ ዘይትና በንብ ሰም በእጅ የተሠራ የፊት ቅባት። ሽቶ የለበትም። 50 ግራም።» አድራሻና ስልክ ጨመርን።

እማማ መነጽራቸውን አውልቀው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይሄ ማንን ይጠራል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ማንንም አይጠራም።

ቅባቱ ፈቃድ እንዳለውም ጠየቅኳቸው፤ ለሁሉም የምጠይቀው ነው። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከምግብና ከመድኃኒት ሌላ የመዋቢያ ዕቃንም ይዟል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ፌስቡክ አለፈልህ ማለት አገር አለፈልህ ማለት አይደለም። እማማ ወረቀቱን ጀምረውት ነበር፤ «እየሄድኩበት ነው» አሉ፣ እንደ ሁላችንም።

አሁን ስለ ዳኛው። ማስታወቂያ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው በአብዛኛው ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው። ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይወስናል። የሚያየውም ጽሑፉን ብቻ አይደለም፤ ፎቶውን፣ ፎቶው ላይ የተጻፈውን፣ ሊንኩ የሚወስደውንም ገጽ ይመረምራል። ማሽኑ አማርኛ ምን ያህል ይገባዋል? እኔ በሥራዬ ካየሁት፣ የሚገባው እንደ እንግዳ ነው፤ ቃሉን ያውቀዋል፣ ወሬውን ግን አይከተለውም። ክራርና መሰንቆ የሚሸጥ አንድ ደንበኛ ነበረኝ። «ጥራት ያለው የባህል መሣሪያ በተመጣጣኝ ዋጋ» ብለን አስገባን። ከትልልቆቹ መድረኮች አንዱ «ጦር መሣሪያ መሸጥ ክልክል ነው» ብሎ መለሰልን! በሳቅ ልንሞት ነበር፤ ደንበኛው ግን ሠርግ የሚበዛበት የጥር ሰሞን እያለፈበት ስለነበር ብዙም አልሳቀም። እንደገና ይታይልኝ የሚለውን ነካን፣ በሁለተኛው ቀን አለፈ። ከዚያ ወዲህ «መሣሪያ» የሚለውን ቃል ትተን «ክራር» ብለን በስሙ እንጠራዋለን። እንደገና ይታይልኝ ማለት መብት ነው፤ ብዙ ሰው ግን ተናዶ ያንኑ ማስታወቂያ አምስት ጊዜ ደጋግሞ ያስገባል። ያኔ ማሽኑ አመል ያለበት ሰው አድርጎ ይይዘዋል።

እህቴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። ከሥራ መልስ መሶብ፣ ጀበና፣ ነጠላ በኢንተርኔት ትሸጣለች። እናታችን ከላከችላት ዕቃ ውስጥ ስድስት የቀንድ ዋንጫ ነበረበት፤ የጠጅ ዋንጫ፣ አፉ ላይ በብር የተለበጠ። በለጠፈችው ማግስት ዕቃው ተነስቶ «የእንስሳ አካል መሸጥ አይፈቀድም» የሚል መልእክት ደረሳት። ሌሊት ደወለችልኝ። «በሬው እኮ ተበልቷል! ቀንዱን ብጥለው ነበር የሚሻለው?»

ሞኝነት ይመስላል፤ ግን ምክንያት አለው። የሜታ የሽያጭ ደንብ ቀንድን ከአጥንት፣ ከጥርስና ከዝሆን ጥርስ ጋር በአንድ ገመድ አስሮታል። የአፍሪካ ዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ እንዲቆም የተወሰነው በ1989 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የአውራሪስ ቀንድም ዛሬ ድረስ በድብቅ ይነገድበታል። ማሽኑ የወሎን በሬና አውራሪስን በፎቶ አይቶ እንዲለይ ከማድከም ቀንድ የተባለውን ሁሉ መዝጋት ቀለላቸው። ከእንስሳ የሚወጣ ፈሳሽም እዚያው ተደምሯል። ለሽቶ ሲባል ከጥርኝ የሚወጣውና አገራችን ለብዙ ዘመን ለውጭ ስትሸጠው የኖረችው ዝባድ በዚህ ሒሳብ ከዝሆን ጥርስ ጎን ይቆማል። እህቴ ዋንጫዎቹን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ባዛር ላይ ሸጠቻቸው፤ በአንድ ቀን አለቁ። መሶቡ ግን ያለ ችግር ኢንተርኔት ላይ ይሸጣል።

ጫትም እንደዚያው ነው፣ ባሕር ሲሻገር ስሙ ይለወጣል። እዚህ በየመንደሩ ይሸጣል፤ ብሪታኒያ በ2014 እንደ እነሱ አቆጣጠር ከልክላዋለች። ድንበር ለሌለው መድረክ ማስታወቂያ የሚያስገባ ሰው የራሱን አገር ሕግ ብቻ ይዞ አይከራከርም። ስለዚህ ጫት ይዞ የሚመጣን አልቀበልም፤ ሻይ ጋብዤ እሸኛለሁ።

የእኛም ሕግ ከመድረኮቹ የሚጠብቅበት ቦታ አለ። ከ1112 አዋጅ በኋላ የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ እንደጠፋ ሁሉም ያስታውሳል። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥም ክልክል ሆኗል። ሺሻና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ደግሞ መሸጣቸው ራሱ ተከልክሏል። የሆነ ሆኖ ወር አያልፍም፣ አንድ ወጣት ባለ ቀለም ቬፕ ከኪሱ አውጥቶ «ወንድሜ፣ ይቺን ቡስት በልልኝ» ይለኛል። ብዙዎቹ «ቴሌግራም ላይ ማን ያየኛል?» ብለው ወደ ቻናል ባለቤቶች ይሄዳሉ። እዚያ ማሽንም ሰውም አይመረምርም፣ ብር ከፍለህ ይለጠፍልሃል። ነገር ግን የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማሰራጫ የሚለው ሬዲዮና ጋዜጣን ብቻ አይደለም፣ ኢንተርኔትንም ነው። እስካሁን ያልጠየቀህ ሰው አይጠይቅህም ማለት አይደለም።

እኔም ብልጥ ነኝ ያልኩበት ጊዜ ነበር። የክብደት መቀነሻ ሻይ የሚሸጥ ሰው መጣ። ማስታወቂያው ተመለሰ። እኔ ሆዬ «ክ.ብ.ደ.ት» እያልኩ በነጥብ ቆራርጬ ጻፍኩት፤ አለፈ። በሳምንቱ ተያዘ። ሌላ ፔጅ ከፈትኩ፣ ሊንኩን ለወጥኩ። ያ ሁሉ ማምለጫ ራሱን የቻለ ጥፋት ተደርጎ እንደሚቆጠር፣ ከመጀመሪያውም ጥፋት እንደሚብስ ያኔ አላውቅም ነበር። የፋሲካ ሳምንት ሐሙስ ቀን ማስታወቂያ የማስገባበት አካውንት ተዘጋ። የሻዩ ብቻ አይደለም፤ በዚያው አካውንት የሚሄዱ የ11 ደንበኞች ማስታወቂያ አብሮ ቆመ። የዶሮ ሻጭ ነበረች፣ የሀገር ልብስ ሻጭ ነበረች፣ ለበዓል ብለው ከወር በፊት የከፈሉኝ። ብራቸውን መለስኩ፤ በዓሉን ግን ማን ይመልሳል። የዶሮዋ ሴትዮ እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም፣ አልፈርድባትም።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሲመጣ እኔው ራሴ ቀድሜ የምነግረው ነገር አለ። በማን አካውንት ቡስት እንደሚደረግልህ ጠይቅ። በደላላ አካውንት ከሆነ የደላላው ኃጢአት ያንተም ነው፤ የማታውቀው ሰው ቬፕ ሸጦ ያንተ ጫማ ይታገዳል። የፔጅህ አድሚን አንተ ራስህ ሁን፣ ይለፍ ቃልህን ለማንም አትስጥ፣ ለእኔም ቢሆን። ማስታወቂያህ ሲመለስ ደግሞ መልእክቱን አንብበው። የትኛው ደንብ እንደተነካ ይጽፉልሃል። አብዛኛው ሰው ቀዩን ምልክት ካየ በኋላ ወደ ታች አይወርድም።

የእማማ ማስታወቂያ ባስገባነው ማግስት ጠዋት አለፈ። በሦስተኛው ቀን ጃንጥላቸውን ይዘው ተመልሰው መጡ፤ ፊታቸው ላይ ደስታም ግራ መጋባትም ነበር። ኢንቦክሳቸው ሞልቷል። ከፈትኩት። አንዷ «ዋጋ?» ትላለች። ሌላዋ «ዴሊቨሪ አለ?»። የቀሩት በሙሉ፣ ስድስት ሰባት ይሆናሉ፣ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ማድያት ያጠፋል?»

«ልጄ፣ እዚህ ውስጥስ ያዩኛል?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስልኩ እንዳይሰማ።

«ያልሞከሩትን ቃል አይግቡ እንጂ የገባበትን ቢነግሯቸው ምን አለ» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ስልኩን ወስደው በአንድ ጣት፣ ፊደሉን እየፈለጉ ጻፉ። ትከሻቸውን ተሻግሬ አነበብኩት፦ «እሬት አለበት የኔ ልጅ። ሱቅ ነይና ፊትሽን ልየው።»