የማይደማው ወታደር

ወጥ ቤት ውስጥ ጦርነት ተነስቷል። ከሰው ጣት የማይረዝም አረንጓዴ የፕላስቲክ ወታደር ጠመንጃውን ደግኖ ይሮጣል። ቡላ ቀለም ያላቸው ጠላቶቹ አድፍጠው ይጠብቁታል። ጥይት ያገኘው ይሰባበራል፤ እሳት ያገኘው ይቀልጣል። ደም ግን የለም።

ይህ የሚሆንበት የቪዲዮ ጌም «አርሚ ሜን፦ ሳርጅስ ሂሮስ» ይባላል። ስሪ ዲ ኦ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ለኒንቴንዶ 64፣ ቀጥሎም ለፕሌይስቴሽን አወጣው። የኩባንያው መሥራች ትሪፕ ሆኪንስ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1982 ኤሌክትሮኒክ አርትስን ያቋቋመ ሰው ነው፤ ልጆቻችን ያበዱለት የኳስ ጌም ፊፋ ከዚያ ቤት የወጣ ነው።

እኔ የይፋግ ልጅ ነኝ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው፣ በጥንት ነጋዴዎች ዘንድ በገበያዋ የታወቀችው ይፋግ። ባሕር ዳር ገብቼ የፕሌይስቴሽን ቤት ከፈትኩና ብዙ ዓመት አስጫወትኩ። ሥራው የሚኖረው በኳስ ጌም ነው። ሂሳቡ በጨዋታ ይከፈላል፤ የተሸነፈ ጆይስቲኩን ያስረክባል፤ ተረኛው ይቀመጣል። ጨዋታው መሃል ላይ መብራት ከሄደ ማን ይክፈል የሚለው ክርክር አያልቅም።

ከኳሱ ዲስኮች መካከል ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው የዚህ ጌም ሁለተኛ ክፍል ነበረኝ። ትንንሾቹ ልጆች ቤቱ ጭር ሲል ጠብቀው ይመጡና «ጋሼ፣ የፕላስቲኩን ክፈትልን» ይሉኛል። በዚህ ክፍል ውጊያው ፍሪጅ ውስጥ፣ አልጋ ላይ፣ የፑል ጠረጴዛ ላይ ሳይቀር ይካሄዳል። ከጎናችን ፑል ቤት ስለነበረ ልጆቹ ጠረጴዛውን ሲያዩ በደስታ ይጮሃሉ፤ ዘወትር በበር በኩል የሚያዩት ነገር ድንገት የጦር ሜዳ ሆኖባቸዋል። አንድ ቀን ትንሹ «ሰውየው ደም የለውም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። «ፕላስቲክ ነዋ!» አለው ጓደኛው ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። «ታዲያ አይሞትም?» «ይቀልጣል።» ልጁ ነገሩ ገባውና ጨዋታው ቀጠለ።

የመጀመሪያው ክፍል ታሪክ ቀላል ነው። የቡላዎቹ አለቃ ጄኔራል ፕላስትሮ ከአሻንጉሊቶቹ ዓለም ወደ ሰዎች ቤት የሚያሻግር በር ያገኛል። እዚያ ለሰው ተራ የሆነው ዕቃ ለእሱ የጦር መሣሪያ ነው። ማጉያ መነጽር ፀሐይን ሰብስቦ ፕላስቲክ ያቀልጣል። አረንጓዴው ሳርጅ ደግሞ የተማረኩ ጓደኞቹን አንድ በአንድ እያስፈታ ፕላስትሮን ያሳድዳል። ተጫዋቹ ሳርጅን ከጀርባው እያየ ይመራዋል፤ ጠመንጃ፣ ባዙቃ፣ እሳት መትፊያ እያቀያየረ ይተኩሳል።

ጉድለት የለውም አልልም። ካሜራው ግድግዳ ሥር ሲገባ ይጠፋበታል፤ ሥዕሉም ለዛሬ ዓይን ሻካራ ነው። ኩባንያውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአሥር በላይ የ«አርሚ ሜን» ጌሞችን አከታትሎ አወጣና ገበያውን አሰለቸ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ከሰረ። ሐሳቡ ግን ከኩባንያው ይበልጥ ነበር።

ሐሳቡ የመጣው ከእውነተኛ መጫወቻ ነው። በአውሮፓ ልጆች በቆርቆሮና በእርሳስ ወታደሮች ለብዙ ዘመን ተጫውተዋል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 በእነዚህ ወታደሮች እንዴት እንደሚዋጉ ሕግ የሚያወጣ መጽሐፍ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1938 በርገን የተባለ የአሜሪካ አሻንጉሊት ፋብሪካ ወታደሮቹን ከፕላስቲክ መሥራት ጀመረ። ፕላስቲኩ እየረከሰ ሲሄድ በከረጢት ሙሉ ይሸጡ ጀመር፤ በአሜሪካ ጦር ልብስ አምሳል የተሰጣቸው አረንጓዴ ቀለምም መለያቸው ሆኖ ቀረ።

እኛም ይፋግ ላይ ወታደር ነበረን። ከፎገራ ጋር የተያያዘው ሜዳ አፈሩ ጥቁር ነው፤ ክረምት ሲገባ እጅ ላይ እንደ ሊጥ ይለወሳል። ከብት እየጠበቅን በሬ፣ ፈረስና ወታደር እንሠራለን። ለዓይን ሁለት የጓያ ፍሬ፣ ለጠመንጃ አጭር ስንደዶ። እግሩን ካላወፈርከው አይቆምም፤ ፀሐይ ላይ ቶሎ ካደረቅኸው አንገቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጥላ ውስጥ እናቆየዋለን። ሁለቱን ጦር የምንለየው በአመድ ነው፤ አንዱ ወገን አመድ ይቀባል፣ ሌላው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የአገር ስም፣ የወገን ስም አንሰጣቸውም። ድንጋይ የመታው ይፈርሳል፤ ውኃ ጠብ አድርገን መልሰን እናቆመዋለን።

እነዚህን ሁለቱን፣ የፕላስቲኩንና የጭቃውን፣ አጠገብ ላጠገብ ሳያቸው አንድ ነገር አምናለሁ። ልጅ ጦርነት ይጫወታል፤ ልከልክለው ቢሉትም ዱላ አንስቶ ጠመንጃ ያደርገዋል። የሚያስፈልገው ወታደሩ አሻንጉሊት መሆኑን ዘወትር የሚነግረው ጨዋታ ነው። አረንጓዴው ወታደር በቀለጠ ቁጥር ጌሙ ይህ ጨዋታ ነው ይላል። ደሙን አሳምረው ሊያሳዩ የሚሽቀዳደሙ የዛሬ ጌሞች ይህን ድንበር አፍርሰዋል።

በሌላ አገር ይህ የጣዕም ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በእኛ ክልል ግን ባለፉት ዓመታት የእውነቱን ተኩስ አልጋው ውስጥ ሆኖ የሰማ፣ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ልጅ ብዙ ነው። ለእሱ ደም የሚረጭ ስክሪን አዲስ ነገር አያስተምረውም። ፍርሃቱን አሳንሶ፣ በጣቱ ይዞ፣ ሲፈልግ የሚያፈርሰው ሲፈልግ የሚያቆመው ወታደር ግን ይጠቅመዋል ባይ ነኝ። ለልጃቸው ጌም የሚመርጡ ወላጆችን የምመክረው ይህንኑ ነው፦ ወታደሩ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን ተቀምጣችሁ እዩ።

ለአገራችን ጌም ሠሪዎችም የምለው አለኝ። ቅኔ ጌምስ ዶሮን ጀግና አድርጎ «ኩኩሉ»ን ሠርቶልናል፤ የራሳችንን ነገር መጫወት እንደሚቻል አሳይቷል። ቀጥሎ የጥቁር አፈሩን ወታደር ሥሩልን። ሜዳው የጓያ ማሳ ይሁን፤ አደጋው የበሬ ኮቴ፣ የዶሮ መንቁርና የሐምሌ ዝናብ ይሁን። ወታደሩ ሲመታ ይፍረስ፤ ተጫዋቹም ነፍስ ከመግዛት ይልቅ ውኃ ፈልጎ፣ ጭቃውን ለውሶ፣ ጓደኛውን መልሶ ያቁም። ከሕፃናቱ አንዱ እንኳ ከማፍረስ ይልቅ መሥራት ይበልጥ እንደሚያስደስት ከዚያ ቢማር፣ ሥራው ዋጋውን አግኝቷል።