ሳይቆረጥ የሚቀረው እንጨት፦ ስለ ባሕር ዛፍ አቆራረጥና ስለ ጥንቃቄ ቃላት



በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬ በአንበሳሜ ዙሪያ ላለ ገበሬ የቆመ ገንዘብ ነው፤ ለልጅ ትምህርት፣ ለሠርግ፣ ለክፉ ቀን ይሸጣል። ቀጭኑን አጣና በመጥረቢያ መጣል የቆየ ዕውቀት ነው። የወፈረውን ግንድ በሞተር መጋዝ መጣል ግን ሌላ ሙያ ይጠይቃል፤ ሙያውም የራሱን ቃላት ይሻል።

የዚህ ሙያ መሠረት አንድ ነው፦ ዛፍን በታሰበው አቅጣጫ የሚመራው ሳይቆረጥ የሚቀረው እንጨት ነው። ቆራጩ አስቀድሞ ዛፉ በሚወድቅበት በኩል የግንዱን ውፍረት ከአራት ወይም ከአምስት እጅ አንዱን ያህል የሚገባ፣ የተከፈተ አፍ የሚመስል ቁርጥ ያወጣል። ቀጥሎ ከተቃራኒው ወገን፣ ከአፉ ወለል ጥቂት ከፍ አድርጎ፣ የኋላውን ቁርጥ ይጀምራል። ሁለቱ ሊገናኙ አይገባም። በመካከላቸው የውፍረቱን ዐሥረኛ እጅ ያህል እንጨት ይተዋል፤ ይህም ለ30 ሴንቲሜትር ግንድ 3 ሴንቲሜትር ገደማ ነው።

ይህን ክፍል «ማጠፊያ» እንበለው እላለሁ፤ በር በማጠፊያው እንደሚዞር ዛፉም በዚህ ታጥፎ ይወድቃልና። ማጠፊያው ተቆርጦ ካለቀ ዛፉ መሪ ያጣል፤ ወደ ጎን ይዞራል፣ ወይም ከጉቶው ተንሸራቶ ቆራጩን ይመታል። ግንዱ ወደ ኋላ ተቀምጦ መጋዙን እንዳይነክስም ሽብልቅ ይገባለታል።

ሁለተኛው ቃል «ርግጫ» ነው። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት ጫፉ ላይ፣ በላይኛው በኩል እንጨት ከነካ፣ መጋዙ በቅጽበት ወደ ቆራጩ ይወረወራል። በቅሎ የነዳ ሰው ቃሉን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ከፊት እጀታው ፊት ያለው መከላከያና የሰንሰለቱ ፍሬን የተሠሩት ይህን ለመግታት ነው።

ሦስተኛው «መሸሻ» ነው፦ ከውድቀቱ አቅጣጫ በተቃራኒ፣ በሰያፍ ወደ ኋላ የሚወስድና አስቀድሞ የተመነጠረ መንገድ። ሌላው ሰው ሁሉ ቢያንስ የዛፉን ቁመት እጥፍ ይርቃል።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ማንም ማንንም አይሰማም። ስለዚህ እነዚህ ቃላት አስቀድመው በቆራጩም በረዳቱም አእምሮ ሊቀመጡ ይገባል። የቋንቋና የደን ትምህርት ተማሪዎች፣ ከሠራተኞቹ አንደበት የተሻለ ቃል ካገኛችሁ የእኔን ትታችሁ ያንን መዝግቡ።