የተቀመመ ሥጋ ለውሻና ለድመት

ከገበታ የተረፈውን የሞርታዴላ ቁራጭ ወይም የቋንጣ ቅንጣቢ ከማዕዱ ሥር ለሚጠባበቀው ውሻ ወይም ለድመት መወርወር በከተማ ቤቶች የተለመደ ነው። ሰጪው በርኅራኄ፣ ተቀባዩም በደስታ ስለሚፈጽሙት፣ ጉዳት ይኖርበታል ብሎ የሚጠረጥር ሰው ጥቂት ነው። ስለሆነም ስለዚሁ ጉዳይ የምናውቀውን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ሥጋ በመሠረቱ ለሁለቱም እንስሳት ተስማሚ ምግብ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው እንዳይበላሽና እንዲጣፍጥ ሲባል ከሚጨመርበት ነገር ነው። በ100 ግራም ሞርታዴላ ውስጥ 2 ግራም ያህል ጨው ይገኛል። ይህን 4 ኪሎ ለምትመዝን ድመት መስጠት 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 30 ግራም ጨው እንደ ማብላት ነው፤ መምህራን ለተማሪዎቻቸው የሒሳብ ጥያቄ ሊያደርጉት ይችላሉ። ስቡም ቢሆን በአንድ ጊዜ በብዛት ሲበላ የውሻውን ቆሽት ሊያስቆጣ፣ ማስመለስና ብርቱ የሆድ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው ግን ሽንኩርት ነው። በብዙ ዐይነት ቋሊማ ውስጥ የነጭ ወይም የቀይ ሽንኩርት ዱቄት ይገባል። ሁለቱም የውሻን፣ ይልቁንም የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ፤ መቀቀልም ሆነ ማድረቅ ይህን ጠባያቸውን አያጠፋውም። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለሚታይ ባለቤቱ ምክንያቱን አያገኘውም። እንስሳው ይደክማል፣ ድዱ ይገረጣል፣ ሽንቱም ይጠቁራል። በእኛ አስተያየት አልፎ አልፎ ከሚሰጠው ሞርታዴላ ይልቅ በየቀኑ የሚደፋለት የወጥ ትራፊ ይብሳል፤ ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራምና።

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ ጥሬውን ልስጠው» እንዳይል እንሰጋለን። በበዓል ቀን በግቢ ከታረደው በግ ሳንባ ወይም ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝ፣ ለሰው አይሆንም ተብሎ ለውሻ ይጣላል። በከረጢቱ ውስጥ ያሉት የትል ዕጮች በውሻው አንጀት ያድጋሉ፤ ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላም እንቁላላቸው ከዐይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል። ውሻው ግን የታመመ አይመስልም። በጠጕሩ ላይ የተጣበቀው እንቁላል እርሱን ሲደባብሱ በዋሉ ሕፃናት እጅ ወደ አፍ ይገባል። ከዓመታት በኋላም ያው ከረጢት በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ አድጎ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ስለዚህ እንዲህ ያለው ከረጢት የተገኘበት የዕርድ ክፍል ይቃጠል፤ ወይም ውሻ ቆፍሮ ሊያወጣው በማይችል ጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር። ለእንስሳቱ የሚሰጠው ሥጋ ጨው፣ በርበሬና ሽንኩርት ሳይነካው በውሃ ብቻ በሚገባ ይቀቀል፤ አጥንቱም ይውጣለት። አንዲት ቁራጭ ሞርታዴላ የቀመሰ ጤነኛ ውሻ ይታመማል ማለታችን አይደለም። ሽንኩርት የገባበትን ቋሊማ በብዛት የበላች ድመት ግን ምልክቱ እስኪታይ ሳይጠበቅ ለእንስሳት ሐኪም ትታይ።