የጥበቃው ጠመንጃ፦ ካምፓላ ለድንገተኛ ተኩስ ያላት ዝግጅት

ሜይ 2 ቀን 2023 ማለዳ (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ የሠራተኞች ቀን በተከበረ ማግስት፣ የኡጋንዳ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ዴኤታ ጡረተኛው ኮሎኔል ቻርልስ ኤንጎላ ካምፓላ ኪያንጃ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው በራሳቸው ጠባቂ ተተኩሶባቸው ሞቱ። ወታደሩ ከግቢው ወጥቶ ወደ ሰማይ እየተኮሰ፣ ደመወዝ አልተከፈለኝም እያለ ሲጮኽ እንደነበር የሰፈሩ ሰው ተናግሯል። በመጨረሻ አንድ ፀጉር ቤት ገብቶ ራሱን አጠፋ። አሥር ቀን ቆይቶ ደግሞ በፓርላማ ጎዳና ላይ አንድ የፖሊስ ኮንስታብል በብድር የተነሣ የተጋጨውን ሕንዳዊ አበዳሪ ቢሮው ድረስ ሄዶ በክላሽ ገደለው።

ሁለቱንም ገዳዮች ያሠለጠናቸውም ያስታጠቃቸውም መንግሥት ነው። በሕዝብ መሃል ተኩስ ስለሚከፍት ሰው የሚሰጠው ሥልጠና ግን ባብዛኛው ሌላ ሰው ያስባል፤ ከውጭ የሚመጣ፣ በሩን ጥሶ የሚገባ፣ ማንም የማያውቀው። የካምፓላን ዝግጅት ስንቃኝ መጠየቅ ያለብን ይህ ግምት ለከተማዋ ምን ያህል ይሠራል የሚለውን ነው።

ሥልጠናው የተወለደው አሜሪካ ነው። በኤፕሪል 1999 ኮሎራዶ ውስጥ በኮለምባይን ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎች ተኩስ ሲከፍቱ፣ መጀመሪያ የደረሱት ፖሊሶች የዚያን ጊዜው ደንብ እንደሚያዘው ግቢውን ከብበው ልዩ ኃይል ጠበቁ። ውስጥ ያለው ቁስለኛም ደሙ እየፈሰሰ ጠበቀ። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ተገለበጠ፤ ቀድሞ የደረሰ፣ ሦስትም ሁኑ ሁለት፣ ብቻህንም ሁን፣ ተኩሱ ወደሚሰማበት ግባ የሚል ሆነ። ቴክሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2002 የከፈተው ማዕከል ይህን ለተራው ተረኛ ፖሊስ ማስተማር ጀመረ፤ ልምምዱ በእውነተኛ ሕንፃ ውስጥ፣ ቀለም በሚተፋ የልምምድ ጥይት፣ ጩኸትና ጭስ እየተጨመረበት ነው። ለሲቪሉም አጭር ትእዛዝ ወጣለት፤ ሩጥ፣ ካልቻልክ ተደበቅ፣ መውጫ ካጣህ ታገል። ሥልጠና ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ያሳየው በዚያው በቴክሳስ ያለው የዩቫልዲ ትምህርት ቤት ነው፤ በሜይ 2022 ቦታው ላይ 376 የሕግ አስከባሪዎች ተሰብስበው ገዳዩ ያለበት ክፍል የተሰበረው ከ77 ደቂቃ በኋላ ነበር። 19 ሕፃናትና ሁለት መምህራን ሞተዋል።

ለካምፓላ የሚቀርበው ግን የናይሮቢ ታሪክ ነው። ሴፕቴምበር 21 ቀን 2013 የአል ሸባብ ታጣቂዎች ዌስትጌት የገበያ ማዕከልን ሲወርሩ ቀድመው የገቡት ሲቪል የለበሱ ፖሊሶችና የመሣሪያ ፈቃድ ያላቸው የከተማው ነዋሪዎች ናቸው፤ ብዙ ሰው ያወጡትም እነሱ ናቸው። ሬኪ የሚባለው የፖሊስ ልዩ ቡድን ከሰዓታት በኋላ ደረሰ፣ ተከትሎትም ጦር ሠራዊቱ ገባ። የጋራ አዛዥም የጋራ ሬዲዮም አልነበራቸውም። ወታደሮቹ በራሳቸው ወገን ላይ ተኩሰው ከሬኪ አዛዦች አንዱን ገደሉ፣ ፖሊሱም ለቆ ወጣ። ከበባው አራት ቀን ፈጀ፣ 67 ሰው ሞተ። በኤፕሪል 2015 ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ላይ ጥቃቱ የተጀመረው ገና ሳይነጋ ነው፤ ያው የሬኪ ቡድን ከናይሮቢ እስኪደርስ ቀኑ ተጋምሶ 148 ሰው አለቀ። በጃንዋሪ 2019 በዱሲትዲ2 ሆቴል ላይ በደረሰው ጥቃት ግን ፖሊስ ፈጥኖ ገባ፣ ትእዛዙም ወጥ ነበር። 21 ሰው ቢሞትም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሕይወት ወጡ፣ ነገሩም በማግስቱ አለቀ። በእኔ ግምት ናይሮቢን የለወጣት አዲስ መሣሪያ አይደለም፤ ማን ያዛል የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ መመለሱ ነው።

ካምፓላ የራሷን መከራ ያየችው ከዌስትጌት ሦስት ዓመት ቀደም ብላ ነው። ጁላይ 11 ቀን 2010 ሰው ተሰብስቦ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜን ሲያይ፣ በክያዶንዶ ራግቢ ክለብና ካባላጋላ ባለው ኢትዮጵያን ቪሌጅ ምግብ ቤት ቦምብ ፈነዳ። ከ70 በላይ ሰው ሞተ፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ነበሩበት። ካባላጋላ እንጀራና ቡና የማይታጣበት የሐበሻ ሰፈር ስለሆነ፣ ከተማዋ ውስጥ ለሚኖር አገሬ ሰው ያ ምሽት የሩቅ ዜና አይደለም። ከዚያ ወዲህ የሆቴሉም፣ የገበያ ማዕከሉም፣ የቤተ ክርስቲያኑም በር ፍተሻ ገባበት። የፖሊስ የፀረ ሽብር ክፍል ተጠናከረ፤ ተራው ምልምል ማሲንዲ አጠገብ ባለው የካባልዬ ትምህርት ቤት ሲሠለጥን፣ የፀረ ሽብሩ ኃይል ካታክዊ ውስጥ ኦሊሊም ይወርዳል። ከጦሩና ከደኅንነቱ ጋር የሚያገናኘው የጋራ ግብረ ኃይልም አለ።

ቀጥሎ የመጣው የደፈጣ ግድያ ነው። የ2010ሩን ክስ ይመሩ የነበሩት ዐቃቤ ሕግ ጆአን ካጌዚ በማርች 2015፣ የፖሊስ ከፍተኛ አዛዥ አንድሩ ፊሊክስ ካዌሲ ከጠባቂያቸውና ከሹፌራቸው ጋር በማርች 2017 ካምፓላ ውስጥ ተገደሉ። በጁን 2021 ጄኔራል ካቱምባ ዋማላ ቆስለው ሲተርፉ ልጃቸውና ሹፌራቸው ሞቱ። ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ በጁን 2018 ፓርላማ ቀርበው መፍትሔ ያሉትን ዘረዘሩ፤ ካሜራ በየመንገዱ፣ ቁጥር ያለው የራስ ቁር ለቦዳ ቦዳ (የሞተር ብስክሌት ታክሲ) ነጂ፣ የጣት አሻራ ለጠመንጃ። ሁዋዌ የዘረጋው የካሜራ መረብ 126 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። የጠመንጃ አሻራ የሚባለው ደግሞ እያንዳንዱ መሣሪያ ተተኩሶ፣ ቀለኹና እርሳሱ ላይ የሚቀረው ጭረት እንዲመዘገብ ማድረግ ነው፤ የፖሊሱም የግል ጥበቃውም መሣሪያ ይመለከተዋል። ጠቃሚ ነው፣ ግን ካሜራውም አሻራውም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ናቸው፤ ማን እንደተኮሰ ይነግሩሃል እንጂ ጣቱን ከቃታው አያነሡም።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ። ካምፓላ ውስጥ አንድ የገበያ ማዕከል ለመግባት መኪናህን ስታቀርብ፣ ስሙ ደረቱ ላይ የተሰፋ የግል ጥበቃ ሠራተኛ በዱላ የተሰካ መስተዋት ከመኪናው ሥር ያስገባል፣ ኮፈኑን ያስከፍትሃል፣ አንዳንዴም ቦርሳህን ያያል። ትከሻው ላይ ማንገቻው ያለቀ፣ ሰደፉ የተፋቀ ጠመንጃ አለ። ብዙ ጊዜ ፈረቃው 12 ሰዓት ነው፣ ክፍያው ትንሽ፣ ተኩስ የተለማመደበት ቀንም ጥቂት። ይህ ሰው አንድ ነገር ቢፈጠር ከፖሊስ ቀድሞ ቦታው ላይ የሚገኝ ነው፤ በከተማዋ የትራፊክ ጭንቅንቅ ደግሞ ቀድሞ ማለት በብዙ ደቂቃ ነው። እሱን የሚፈትሽ ግን የለም። በጁላይ 2019 ናአልያ በሚገኝ የገበያ ስፍራ አንድ ጥበቃ በመኪና ማቆሚያ ክፍያ ጭቅጭቅ ተነሥቶ ደንበኛ ተኩሶ ገድሏል። የግል ጥበቃ ድርጅቶችን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው በ2013 በወጣው ደንብ መሠረት ፖሊስ ራሱ ስለሆነ፣ የእነሱ ሥልጠና የፖሊሱ ዝግጅት አካል ነው ማለት ይቻላል።

ጦሩም ቤት ያፈራው ጥፋት አያጣም፤ በማርች 2013 በቦምቦ ጦር ሰፈር አንድ ወታደር መጠጥ ቤት ውስጥ ተኩሶ አሥር ሰው ጨርሷል። እኛም ብንሆን ጁን 22 ቀን 2019 ጄኔራል ሰዓረ መኮንን አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ በጠባቂያቸው መገደላቸውን አንረሳም፤ የዚያ ነገር ፖለቲካው ሌላ ቢሆንም።

ሥራው ያለው እንግዲህ መሣሪያ ግምጃ ቤቱ ላይ ነው። ደንበኛው አሠራር ቀላል ነው፤ ተረኛው ሲገባ የጠመንጃውን ቁጥርና የጥይቱን ልክ አስመዝግቦ ይፈርማል፣ ፈረቃው ሲያልቅ ቆጥሮ ይመልሳል፣ ግምጃ ቤቱ ይቆለፋል። የፓርላማ ጎዳናው ኮንስታብል በአእምሮ ሕመም ታክሞ ያውቅ ስለነበር መሣሪያ እንዳይዝ ተከልክሎ ነበር። ክልከላው አለ፣ ወረቀቱ አለ። ክላሹን ያገኘው ግን ክፍል ከሚጋራው ባልደረባው ነው። አንድን ሰው ከመዝገብ ላይ ሰርዘህ ጠመንጃ ከአልጋ ሥር የሚያድርበት ክፍል ውስጥ ካስተኛኸው ክልከላው ምኑን ክልከላ ሆነ?

ከዚያ ግድያ በኋላ ስለ ፖሊሶች የአእምሮ ጤና ምርመራ ብዙ ተወራ። ችግሩ ምርመራ በጀመርክ ማግስት ይመጣል፤ መሣሪያ የተነጠቀ ፖሊስ ባልደረቦቹ ያሙታል፣ የተሻለ ምድብ ያመልጠዋል፣ ስለዚህ የታመመው አይናገርም፤ አለቃውም ሰው ስለሚያጥረው አይጠይቅም። ብድሩም እንደዚሁ ነው። በዕዳ የተዘፈቀና ደመወዙ የዘገየበት ታጣቂ ለአለቃው ስጋት መሆኑን ለማወቅ ሐኪም አያሻም፣ የደመወዝ ክፍሉ መዝገብ ይበቃል። በሜይ 2024 የፖሊስ ዋና ኢንስፔክተር የሆኑት አባስ ብያካጋባ የፀረ ሽብሩን ክፍል የመሩ ሰው ናቸው፤ ከውጭ የሚመጣውን ታጣቂ ያውቁታል። ከውስጥ ያለው ግን በኦሊሊም ልምምድ የሚያዝ አይደለም።

ስለ ሕጉ ባጭሩ። ኡጋንዳ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት አዋጅ ያወጣችው በ2006 ነው፤ አሠሪ ሠራተኛውን ከአደጋ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፣ ሲወጣ ግን በሐሳቡ የነበረው ማሽንና ኬሚካል ይመስላል። በሥራ ቦታ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከተውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 190 ያጸደቀችው በኦገስት 2023 ነው፤ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ዴኤታዋ ከተገደሉ ሦስት ወር በኋላ። ስምምነቱ አሠሪ የጥቃት ስጋትን አስቀድሞ እንዲያጠና፣ ሠራተኛውን አማክሮ እንዲከላከል ያዛል፤ የግሉንም የመንግሥቱንም ዘርፍ ይመለከታል። የሥራ ቦታ የሚለውም ቢሮውን ብቻ አይደለም፤ ወደ ሥራ የሚኬድበት መንገድና አሠሪው ለሠራተኛው የሰጠው መኖሪያም ይገባበታል። በዚህ አነጋገር ከሄድን ፖሊሶች ከነመሣሪያቸው ለሁለት ለሦስት የሚያድሩባቸው የፖሊስ ካምፕ ክፍሎችም የሥራ ቦታ ናቸው፣ ስጋታቸውን የማጥናቱ ግዴታም የአሠሪው፣ ማለትም የፖሊሱ ነው።