ከዳሌ የመጣ ሕመም በጉልበት አይታከም

በኦሞ ወንዝ ዳር፣ ከኬንያ ወሰን አጠገብ በምትገኘው በኦሞራቴ ዙሪያ የሚኖረው የዳሰነች ሕዝብ ከብት አርቢ ነው። የከብት አርቢ ሀብቱ መንጋው ብቻ አይደለም፤ መንጋውን የሚከተልበት እግሩም ጭምር ነው። ዳሌው የታመመ እንደሆነ ከመንጋው ይለያል። ወደዚያ ለሥራ የሚመደብ ወጣት መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ስለዚህ ሕመም ጥቂት ማወቁ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው።

የዳሌ መጋጠሚያ ማለት የጭን አጥንት ድቡልቡል ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ስፍራ ገብቶ የሚዞርበት ነው። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በብሽሽት በኩል ይሰማል። አንዳንድ ጊዜ ግን፣ ይልቁንም በልጆች ላይ፣ በጉልበት ብቻ ይታያል። ስለዚህ «ጉልበቴን አመመኝ» እያለ የሚያነክስ ልጅ ጉልበቱ ደህና ሆኖ ቢገኝ ዳሌው ሊመረመር ይገባል።

የሕመሙ ምክንያት ብዙ ነው። ትኩሳት ይዞት በድንገት መርገጥ እንቢ ያለ ሕፃን መጋጠሚያው መግል ቋጥሮ ይሆናል። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም፤ መግሉ በቶሎ ካልወጣ የአጥንቱ ራስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላሻል። ለወራት ቀስ እያለ የሚብሰው ደግሞ የአጥንት ነቀርሳ ሊሆን ይችላል፤ የነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋሞች በነጻ ይሰጣል። ካልተፈላ ወተት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስም መጋጠሚያን ያጠቃልና ወተትን አፍልቶ መጠጣት ትልቅ መከላከያ ነው።

በዕድሜ ብዛት መጋጠሚያው ላለቀበት ሰው ማስታገሻ፣ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴና ከዘራ ይረዱታል። ከዘራው ግን የሚያዘው በታመመው በኩል ሳይሆን በጤነኛው በኩል ባለው እጅ ነው። ይህ ሁሉ ካልበጀ መጋጠሚያው በቀዶ ሕክምና ይተካል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሌይ እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. ከብረትና ከፕላስቲክ የተሠራውን መጋጠሚያ ካስተዋወቀ ወዲህ ይህ ሕክምና በዓለም ተስፋፍቷል፤ በአዲስ አበባም ይሠራል።

ይሁን እንጂ ከኦሞራቴ አዲስ አበባ ሩቅ ነው። ለዚያ አገር ሰው የሚቀርበው ሕክምና በጊዜው የተጀመረው ሕክምና ነው። ወጌሻ ወለምታን ያሽ ይሆናል፤ መግል የያዘን ወይም የተሰበረን ዳሌ ማሸትና መጎተት ግን ጉዳት ያስከትላል።

እንግዲህ ትኩሳት ይዞት መርገጥ ያቃተውን ልጅ ያየ ሹም የመሥሪያ ቤቱን መኪና ወደ ጂንካ ሆስፒታል ለመላክ ሰኞን አይጠብቅ። የአንድ ቀን ነዳጅ ይተካል፤ የተበላሸ ዳሌ ግን እንደ ቀድሞው አይመለስም።