ከቃጠሎ በኋላ የሚታዘዝ ሩጫ

ቁስሉ ደርቆ ልጁ ወደ ቤት ሲመለስ ቤተሰቡ «ተረፈልን» ብሎ እፎይ ይላል። ገላው በሰፊው ለተቃጠለ ልጅ ግን ረጅሙ ሕክምና የሚጀምረው ያኔ ነው።

ከባድ ቃጠሎ ከቆዳ አልፎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ልጁ ተኝቶም እንኳ ልቡ በፍጥነት ይመታል፤ ሰውነቱ ጉልበት ያባክናል፣ የራሱንም ጡንቻ እያፈረሰ ይጠቀማል። ይህ ሁኔታ ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። በዚያ ላይ ለሳምንታት አልጋ መያዝ ሲጨመርበት፣ ትናንት ሲቦርቅ የነበረ ልጅ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል።

በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ጋልቬስተን ደሴት ላይ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የሽራይነርስ የሕፃናት ቃጠሎ ሆስፒታል አለ። በዚያ ይሠሩ የነበሩት ኦስካር ሱማን፣ ዴቪድ ሄርንደንና ባልደረቦቻቸው ጡንቻቸው የመነመነ ልጆችን ክብደት እያስነሱ አሠለጠኗቸው። በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የተካተቱት ልጆች 40 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ የሰውነታቸው ቆዳ የተቃጠለባቸው ነበሩ። ሥልጠናው የተጀመረው አደጋው ከደረሰ ከ6 ወር በኋላ ሲሆን 12 ሳምንት ፈጅቷል። ክብደቱ በየልጁ አቅም እየተለካ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ በመሮጫ ማሽን ወይም በብስክሌትም ልብና ሳንባ ይሠለጥናሉ። የሠለጠኑት ልጆች ቤት ውስጥ የተለመደውን ክትትል ብቻ ካገኙት ይልቅ እጅግ ጠንክረው ተገኙ፤ ጡንቻቸውም ጨመረ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አይዘነጋም። የተተከለ ቆዳ እንደ ጤነኛው አያልብም። ስለዚህ ልጁ ሲሮጥ ሙቀቱ ቶሎ ይጨምራል፤ ክፍሉ ቀዝቀዝ ያለ መሆን አለበት፣ ውሃም በየመሀሉ ይጠጣል።

ሌላው ጠላት ጠባሳ ነው። ልጁ ሕመሙን ለማስታገስ ክንዱን አጥፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ይተኛል፤ ጠባሳውም በዚያው እንደታጠፈ ይኮማተራል። ልጅ ያድጋል፣ ጠባሳ ግን እኩል አያድግም። በብብትና በክርን ላይ ያለ ጠባሳ እጅን ጠፍሮ ሊያስቀር ይችላል። በዚያው ሆስፒታል በተደረገ ሌላ ጥናት፣ በባለሙያ ክትትል የሠለጠኑ ልጆች ጠባሳ ለማላቀቅ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው ካልሠለጠኑት ባነሰ መጠን ነው። በእኔ ዕይታ ከሁሉም የሚበልጠው ውጤት ይህ ነው። ለአንድ ሕፃን ሌላ የቢላ ቀን መቅረቱ ትልቅ ነገር ነውና።

በአገራችንም ቃጠሎ ለልጆች ቅርብ ነው፤ በብዙ ቤት ምድጃው መሬት ላይ ነው፤ የፈላ ውሃና ወጥም ሕፃን እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የተቃጠሉ ሰዎች የሚታከሙበት ክፍል አለ። ማሽን ለሌለው ቤት ኳስ ወደ ላይ መወርወር፣ በግድግዳ ላይ ጣትን እያንፏቀቁ ክንድን ከፍ ማድረግ፣ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ማንሳት ይቻላል፤ መጠኑን የሚወስነው ግን ባለሙያው ነው። ልጅዎ ከሆስፒታል ሳይወጣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውን ያነጋግሩ፦ ቤት ስንገባ የትኛውን መገጣጠሚያ፣ በቀን ስንት ጊዜ እናሠራ?